ጃኪን አትንካብኝ

የጃኪ ቻን «ትዊን ድራገንስ» የልጅ ፊልም ነው አልከኝ? ልጅማ አይቶ ይስቃል፤ የሚያመው ትልቅ ሰውን ነው። ሆንግ ኮንግ ሆስፒታል ውስጥ መንትዮች ይወለዳሉ፤ አንዱን የሚሸሽ ወንበዴ ነጥቆ ይጠፋል፤ ሌላውን ወላጆቹ ይዘውት አሜሪካ ይገባሉ። የተረፈው ፒያኖ ተምሮ ኦርኬስትራ መሪ ይሆናል። የጠፋውን አንዲት ጠጪ ሴት አንስታ አሳድጋው መካኒክና ደብዳቢ ይወጣዋል። የቱ ጋ ነው የልጅ ነገሩ?

«አንዱ ሲመታ ሌላው ይወራጫል፤ ውሸት ነው።» እናትህ የታመመች ቀን፣ ማንም ሳይደውልልህ ሆድህን ባር ባር አላለህም?

«ሁለቱ ጃኪዎች አንድ ላይ ሲቆሙ ስፌቱ ይታያል።» ይታይ! እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ፊልም ነው፤ አንዱን ሰው ሁለቴ ቀርጸው አጋጥመውታል። የነጠላህ ጥለት ስፌቱ ስለታየ ነጠላውን ትጥላለህ? ይልቅ ያ መካኒክ ሳያስበው የኦርኬስትራ መሪ ዱላ እጁ ሲገባ ሰውነቱን እይ። እንዲያ ያለ ገላ በኮምፒውተር አይሰፋም።

«ለገንዘብ ብለው ነው የሠሩት።» አዎ፣ ለገንዘብ ነው፤ ለኪሳቸው ግን አይደለም። ለሆንግ ኮንግ ፊልም ዳይሬክተሮች ማኅበር ገቢ ማሰባሰቢያ ነበር። ጹዪ ሃርክና ሪንጎ ላም በጋራ አዘጋጁት፤ ዳይሬክተሩ ጆን ዉ ሳይቀር ቄስ ሆኖ ብቅ ብሏል። ለእድራችን ድንኳን ስናዋጣ ማን ስግብግብ አለን?

«ጃኪ ደግሞ ስለ መለያየት ምን ያውቃል?»

እዚህ ጋ ቁም። ወላጆቹ ለሥራ አውስትራሊያ ሲሄዱ እሱ ሆንግ ኮንግ ቀረ፤ በፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት፣ ዱላ እየቀመሰ መገልበጥ ተማረ። ለእናት ለአባቱ አንድ ነኝ ብሎም ኖረ። አባቱ ካረጁ በኋላ ነው እውነቱን ያወጡት፦ ቻይና ውስጥ በአባቱ ሁለት ወንድሞች፣ በእናቱ ሁለት እህቶች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ትሬሰስ ኦፍ ኤ ድራገን» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ይህንኑ ይተርካል። ጃኪ የጠፋውንም የተረፈውንም ወንድም ሆኖ ሲተውን፣ የራሱ ወንድሞች ታሪክ ገና በአባቱ ሆድ ነበር።

«ታዲያ ለምን አስቂኝ አደረገው?»

አልቅሶ ቢሠራው ታየው ነበር? በል ክፈተው።