የአንገት ነገር፦ ስለ ባርቢ ጭንቅላትና ገላ ዝውውር አጭር ጥናት

በአሜሪካና በአውሮፓ ግብር የሚከፍሉ፣ ልጅ ያሳደጉ፣ በሥራ ቦታቸው የተከበሩ ሰዎች ማታ ወጥ ቤት ገብተው ውሃ ያፈላሉ። የሚያፈሉት የአንዷን ባርቢ ጭንቅላት ነቅለው በሌላዋ ገላ ላይ ለመትከል ነው። ሙያው በአሻንጉሊት ሰብሳቢዎች ዘንድ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ መምህራንና የራሱ ጭቅጭቅ አለው። ዩኒቨርሲቲዎች ስላልደረሱለት እኛ ደርሰንለታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ባርቢ ጳጉሜን አታውቅም።)

ነገሩን የጀመሩት ሥራ ፈት ሰብሳቢዎች ናቸው የሚለው ሐሜት መሠረት የለውም። የጀመረው ራሱ ፋብሪካው ነው። ባርቢ ማርች 9 ቀን 1959 በኒውዮርክ የአሻንጉሊት ትርዒት ላይ ቀረበች። በ1963 አምራቿ ኩባንያ ማቴል ሚጅ የምትባል ጓደኛ አመጣላት። ሚጅ ፊቷ ክብ፣ ጉንጯ ጠቃጠቆ የበዛበት፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት፤ ከአንገቷ በታች ግን ባርቢ ራሷ ናት። ኩባንያው በነበረው ገላ ላይ አዲስ ጭንቅላት ተክሎ፣ ስም አውጥቶ፣ እንደ ሌላ ሰው ሸጣት። ሁለቱ ጓደኛሞች ልብስ መዋዋስ እንደሚችሉም በኩራት ተነገረ። ገላ የተዋዋሱ ሰዎች ቀሚስ ቢዋዋሱ ምን ይደንቃል?

የሌላዋ የማቴል አሻንጉሊት፣ የስቴፊ፣ ታሪክ ከዚህ የባሰ ነው። በ1972 ገበያ ወጣች፣ ብዙም ሳትቆይ ጠፋች። ፊቷ ግን ጡረታ አልወጣም። በዚያው ቅርጽ የሐዋይ ባርቢ ተሠራች፤ በ1980 ባርቢ የሚለውን ስም ያገኘችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሻንጉሊት ተሠራችበት፤ በ1988 ደግሞ ቴሬሳ የምትባል አሻንጉሊት። ራሷ ከሥራ ተሰናብታ ፊቷ ብቻ በመደበኛነት የቀጠለ ሌላ ሠራተኛ በሙያ ማኅበራት ታሪክ አላገኘንም።

በዚህ ምክንያት የባርቢን ዕድሜ መመርመር ልብ ይጠይቃል። ወገቧ ላይ ዓመት ታትሞባታል፤ ዓመቱ ግን ቅርጹ በባለቤትነት የተመዘገበበት እንጂ እሷ የተሠራችበት አይደለም። በ1990ዎቹ ከፋብሪካ የወጣች ባርቢ ወገቧ 1966፣ የጭንቅላቷ ውስጥ ደግሞ 1976 ሊል ይችላል። ማንም ሳይነካት፣ ከነካርቶኗ፣ ጭንቅላቷ ከገላዋ በ10 ዓመት ያንሳል ማለት ነው። እንግዲህ ሰብሳቢው ለውጥ ሲያደርግ ምን አፈረሰ ይባላል?

ወደ ተግባሩ እንምጣ። የባርቢ አንገት ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ጉብታ አለው፤ ጭንቅላቱ በዚያ ላይ ተወጥሮ ይገባል። ጭንቅላቱ ለስላሳ ቪኒል ስለሆነ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይገተራል። ሳያሞቅ የጎተተ ሰው ጉብታውን ሰብሮ ጭንቅላት ውስጥ ያስቀረዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የማጣበቂያ ኑሮ ነው፤ አሻንጉሊቷም አንገቷ ትከሻዋ ውስጥ ሰምጦ፣ ዕድሜ ልኳን ምን አገባኝ እንዳለች ትቀራለች። በማሞቂያው ላይ ሁለት ወገን አለ፤ አንዱ የፈላ ውሃ ይላል፣ ሌላው ውሃ የፋብሪካውን የፀጉር ሥራ ያበላሻል ብሎ በፎን ይምላል። አስታራቂ አልተገኘም።

ከባዱ ነገር ግን ማዛመዱ ነው። ጭንቅላትና ገላ ሁለቱም ቡናማ ናቸው ስለተባለ አይገጥሙም፤ የቪኒሉና የጠንካራው ፕላስቲክ ቀለም እኩል አይታይም፣ አንዱ ጸሐይ ጠግቦ ሌላው ሳጥን ውስጥ የኖረም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደ ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ ልዩነቱ እዚህ ዝምድና ሲገኝ እልል መባሉ ነው።

በ2015 ማቴል 22 መገጣጠሚያ ያላትን፣ ዮጋ የምትሠራ ባርቢ አወጣ። ጉልበቷ ይታጠፋል፣ ክርኗ ይታጠፋል፣ እጇን ወገቧ ላይ ጭና ሰው መታዘብ ትችላለች። በሰብሳቢው ቁም ሣጥን ውስጥ ደግሞ ፊቷ ያማረ፣ ዋጋዋ የከበደ፣ ክንዷ የማይታጠፍ እመቤት ቆማለች። ውጤቱን መገመት አያስቸግርም። ርካሿ ገላዋን ትሰጣለች፣ ውዷ በተሰጣት ጉልበት ትቀመጣለች። የዮጋዋ ጭንቅላት ፈገግ እንዳለ መሳቢያ ውስጥ ይጣላል። በዚህ ጥናት አቅራቢ እምነት በሙያው ውስጥ ትክክለኛ በደል የደረሰበት ወገን ይህ ብቻ ነው፤ ጥብቅና የቆመለት ግን የለም።

የፍልስፍናው ጥያቄ፣ ከዝውውሩ በኋላ ማን ናት የሚለው፣ ለሰብሳቢዎች ጥያቄ አይደለም። ስም ከጭንቅላት ጋር ይሄዳል። «ለእሷ አዲስ ገላ አገኘሁላት» ሲባል እንጂ ለገላው አዲስ ጭንቅላት ተገኘለት ሲባል አይሰማም። ፕሉታርክ የቴሴዎስ መርከብ ሳንቃዋ ሁሉ ሲቀየር ያቺው ናት ወይስ ሌላ እያሉ ፈላስፎች እንደተከራከሩ ጽፏል። ክርክሩ እስከ ዛሬ ያላለቀው መርከብ ጭንቅላት ስለሌላት ነው።

ጭንቅላቱም ቢሆን አይተርፍም። በአሴቶን ዓይንና ከንፈሩ ይጠረጋል፤ ቪኒሉ ይችለዋል፣ ጠብታው ገላ ላይ ካረፈ ግን ጠንካራው ፕላስቲክ ይሟሟል። ቀጥሎ ፊቱ በእጅ ይሳላል፣ ፀጉሩ ተነቅሎ ሌላ በመርፌ ይተከላል። ፊቷን፣ ፀጉሯንና ገላዋን ያጣች አሻንጉሊት እንግዲህ ምን ቀራት ቢባል፣ ዋጋዋ። እሱም ሠሪው እጁ የተመሰከረለት ከሆነ ይጨምራል፤ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ናት ተብላ ትሸጣለችና።

ለሻጮች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ጭንቅላቱ ከማን፣ ገላው ከማን እንደመጣ በማስታወቂያው ላይ ጻፉ። ገዢው ገልብጦ የሚያነበው ወገቧን ብቻ ነው፤ ወገቧ ደግሞ ምንጊዜም 1966 ነኝ ትላለች።