ስለ ሜዳ ዳር ወላጆች የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጅህን ኳስ ልታጫውት የምትወጣ አባት፣ ሙዝና ጁስ ይዘሽ የምትከተይ እናት፣ ስሙ! (አንተና አንቺ ማለታችን የአዋጅ ወግ ሆኖብን ነው፤ ቤት ስንገባ አንደግመውም።)

እኛ፣ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከ13 ዓመት በታች ተጫዋቾች፣ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጠን ባደረግነው አስቸኳይ ስብሰባ፣

ቀድሞ ኳስ ሲጫወት ዋለ ተብሎ ይገረፍ የነበረው ልጅ፣ ዛሬ ኳስ አላቀበለም ተብሎ መገረፍ በመጀመሩ፤

«ኳስ ተጫዋች ዱርዬ ነው» ይል የነበረው ያው አባት፣ የአውሮፓን የዝውውር ዋጋ ከሰማ ወዲህ ታኬታ በብድር እስከ መግዛት በመድረሱ፤

በ1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ካነሳ ወዲህ ዋንጫው ወደ አገሩ አለመመለሱ ቢያሳዝነንም፣ ዕዳውን በሙሉ በአንድ የ11 ዓመት ግራ ተመላላሽ ላይ መጫን ግፍ ሆኖ ስላገኘነው፤

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ መሆናቸውን፣ ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማም በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ ገንኖ ኋላ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መምራቱን፣ ሆኖም «አቀብል! ምን ይገትርሃል!» የሚል የአባት ሸክላ እስካሁን ሲሸጥ አለማየታችንን በማስታወስ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «ወላጆችን ከመስመር ወደ ኋላ የመመለሻ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በቀር፣ በዚህ አዋጅ «አሰልጣኝ» ማለት ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለው ሰውዬ ብቻ ነው።

አንቀጽ 3። ኳስ በልጁ እግር ሥር ሳለች አባት «ምታው!»፣ እናት «ተጠንቀቅ!»፣ አጎት «ይዘኸው ግባ!» ማለት ተከልክሏል። ባለፈው ሰሞን አንድ ባልደረባችን ሦስቱንም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ሊፈጽም ሲሞክር ኳሷን ረግጦ ወድቋል። ከዚያም «ማንን ወጥቶ ነው እንዲህ የሚፈዘው?» የሚል ጥያቄ ተነስቶ፣ ባልና ሚስት የሁለቱን ወገን ዘር እስከ ቅድመ አያት ሲቆጥሩ ልጁ ተነስቶ ግብ አስቆጥሯል። ግቡን ከሁለቱ አንዱም አላየውም።

አንቀጽ 4። ዳኛው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ሰኞ ፈተና አለበት። የእግር ኳስ ሕግ አምስተኛው ክፍል ዳኛው ጨዋታውን በተመለከተ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ይላል፤ ስለ እናት ይግባኝ የሚናገር ነገር አላገኘንበትም። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ በተለይ በውስጡ የሚታየው የገዛ ልጅ ብቻ ሲሆን፣ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። አጥር ዘሎ ወደ ዳኛው የሚሮጥ አባት፣ ያን ያህል ጉልበት ካለው ለጤና ቡድን ይመዝገብ።

አንቀጽ 5። በ1997 ዓ.ም. የተወለደን ልጅ «2005» ብሎ አስመዝግቦ፣ በማን አቆጣጠር ነው ሲባል ወደ ሰማይ መመልከት ወንጀል ነው። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል። እኛ ጋ ኤምአርአይ የለም። ግን ያ ከ13 ዓመት በታች ተብሎ የመጣብን ተከላካይ ከእረፍት በፊት ተላጭቶ ገብቶ፣ በሁለተኛው አጋማሽ ጺሙ ሲበቅል በዓይናችን አይተናል።

አንቀጽ 6። ሐሙስ ማታ አሰልጣኙን ክትፎ ጋብዞ (ዓርብማ ጾም ነው) ቅዳሜ ልጅን በቋሚነት ማሰለፍ ቀርቷል። የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይዘጋል።

አንቀጽ 7። ይህን አዋጅ የተላለፈ ወላጅ የልጁን ማልያ ለብሶ፣ ማልያው የደረሰበት ድረስ ደርሶለት፣ ሩብ ሰዓት ይጫወታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለች ያኔ ሳንባው ይነግረዋል። እኛም መስመር ዳር ቆመን «ሩጥ እንጂ! ምን በልተህ ነው የወጣኸው? የጎረቤትን አባት አታይም?» እንላለን።

አንቀጽ 8። «የልጄ መብት ነው» የሚል ማንኛውም ልማድ ተሽሯል። አዋጁ ከፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ተሸንፈን ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ተሳፋሪው እየሰማ፣ ትንታኔ አትስጡን። ርቦናል።