ጉዳዩ፦ ስለ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ምስጋና ስለማቅረብ

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ከካፋ ዞን የከበረ ምስጋና ይድረሳችሁ። ከዞናችን ከዋጫ ከተማ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በቤቱ በካፊኖኖ ያወራል፣ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ይወስዳል፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሳይንሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይማራል። ብሔራዊ ፈተናችሁ ግን ርኅሩኅ ነውና በየትኛውም ቋንቋ አንዲት አንቀጽ አይጠይቀውም፤ ከአራት ፊደል አንዱን መምረጥ ይበቃዋል። በ2015 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። ያለፉት ራሳቸው መጻፍ ይችሉ እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። በዚያው ዓመት የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም ያው ምርጫ ነው፤ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ እንጂ።

በመሐል ታዲያ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚባል ድንገተኛ እንግዳ ይመጣል። አንቀጽ ተጠይቆ የማያውቅ ወጣት ጥያቄ እንዲያነሣ፣ የሌሎችን ሥራ እንዲሞግት፣ ምንጭ እንዲጠቅስ ይታዘዛል። የፍሬሽማን እንግሊዝኛ አለ ትሉ ይሆናል። አለ፤ ነገር ግን በታጨቀ ክፍል የእያንዳንዱን ረቂቅ ደጋግሞ አንብቦ የሚመልስ መምህር ከየት ይምጣ? ጽሑፍ የሚለመደው በመጻፍና በመታረም ነው። ይህን ያላገኘ ተማሪ ይገለብጣል ወይም ከፍሎ ያስጽፋል፤ እኛም ስለ ሥነ ምግባሩ ዐውደ ጥናት እናዘጋጃለን (ከሻይ እረፍት ጋር)።

በብሔራዊ ፈተናው ድርሰት ይግባ ስንል «ይህን ሁሉ ድርሰት ማን ያርማል?» የሚለው መልሳችሁ ቀላል አይደለም፤ ምርጫን የሚያርም ማሽን አይደክምም፣ አበልም አይጠይቅም። ሆኖም ጎረቤታችን ኬንያ በ2023 እ.ኤ.አ. 900 ሺህ ያህል የሁለተኛ ደረጃ ተፈታኞችን ድርሰት አስጽፋ በመምህራን አሳርማለች። የእኛ ቁጥር በ2015 ዓ.ም. ከዚያ ያነሰ ነበር። «ችግሩ እንግሊዝኛው ነው» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ሐሳብን በማስረጃ አስደግፎ መጻፍ በካፊኖኖም በአማርኛም ይለመዳል፤ በአንዱም ያልተለመደው በአራተኛ ዓመት በእንግሊዝኛ በድንገት አይመጣም።

መምህር የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነውና በ12ኛ ክፍል ፈተና አንዲት አንቀጽ ጨምሩልን። ካልተቻለ ለወጥነት ሲባል የመመረቂያ ጽሑፉንም ምርጫ አድርጉት፦ «በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ ደን የሚመናመነው፦ ሀ) በእርሻ ለ) በማገዶ ሐ) በመንገድ ሥራ መ) መልሱ አልተሰጠም።»

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ከየዩኒቨርሲቲው በር ውጭ ለሚገኙ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች