የሮማው ዳዊት ዜግነት

የመጽሐፍ ወሬ በተነሳበት ጨዋታ ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም፦ «እንግሊዞች ማተሚያ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እኛ ሮም ላይ ዳዊት አሳትመን ነበር እኮ!» የሚል። የተቀመጠው ሁሉ በኩራት ራሱን ይነቀንቃል። ዊልያም ካክስተን ዌስትሚኒስተር ላይ ማተሚያውን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1476 ነው፤ የግዕዙ ዳዊት ሮም ላይ የታተመው ደግሞ በ1513። ይህን ለማወቅ ካታሎግ መክፈት ይበቃ ነበር። ግን በሞቀ ጨዋታ መሐል ማን ካታሎግ ይከፍታል?

እሺ፣ ይክፈት እንበል። ጉዱ የሚፈላው ያኔ ነው።

አውሮፓውያን የቀደሙ ኅትመቶቻቸውን በየአገራቸው ሲመዘግቡ ኖረዋል። ጀርመኖች ለየክፍለ ዘመኑ ቪዲ16፣ ቪዲ17 እና ቪዲ18 የሚባሉ መዝገቦች አሏቸው። ጣሊያኖች ኤዲት16 አላቸው፤ ደቾችና እንግሊዞችም የየራሳቸው አላቸው። መጽሐፍ ዜግነት የሚያገኘው በአብዛኛው በታተመበት ከተማ ነው፤ ማን ጻፈው፣ በማን ቋንቋ ነው የሚለው ሁለተኛ ነገር ነው። እንግሊዞች ግን ብልጦች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ እስከተጻፈ ድረስ የትም ቢታተም የእኛ ነው ይላሉ።

በዚህ የከተማ ሕግ የግዕዝ መጻሕፍት ቤተሰብ በየአገሩ ተበትኗል። ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ ያሳተመው ዳዊት ጣሊያናዊ ነው። ይኸው ሰው በ1518 ኮሎኝ ላይ በአራት ቋንቋ ያወጣው ዳዊት ጀርመናዊ ነው። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ከ1548 ጀምሮ ሮም ላይ ያሳተመው ሐዲስ ኪዳንም ጣሊያናዊ ነው። የሂዮብ ሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1661 ለንደን ላይ ስለታተመ እንግሊዛዊ፣ የአማርኛ ሰዋስዉ በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ስለወጣ ጀርመናዊ ሆነው ቀርተዋል።

ፈላጊው «ግዕዝ» ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል። ፖትከን ቋንቋውን የከለዳውያን መስሎት በኮሎኙ ዳዊት ርዕስ ላይ እንዲሁ አሰፈረው፤ መዝጋቢ ደግሞ ሥራው ርዕስ እንዳለ መገልበጥ ነው። ተስፋ ጽዮንንም በስሙ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ሮማውያን «ሕንዳዊው ጴጥሮስ» ይሉት ነበር። ፊደል ለቃሚዎቹ ግዕዝ ስለማያውቁ እሱ ለተፈጠረው ስህተት አንባቢን ይቅርታ ጠይቋል። ሕንዳዊ ስላሉት ግን ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም።

መዝገብ ጨርሶ አይሳሳትም ብሎ የሚያምንም አለ። እሱን ከፒየር ማርቶ ጋር ማስተዋወቅ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብቅ ብሎ ለብዙ አሥርት ዓመታት መጽሐፍ ሲያወጣ የኖረ የኮሎኝ አሳታሚ ነው፤ ጉድለቱ ተወልዶ አለማወቁ ብቻ ነው። ሳንሱር የፈሩ አሳታሚዎች፣ በተለይ ኔዘርላንድ ያሉት፣ የተደበቁበት ስም ነው። ጀርመናዊ ነኝ የሚለው መጽሐፍ ሲመረመር ደች ሆኖ ይገኛል። የርዕስ ገጽ ብቻውን ስለማይታመንም መዝጋቢዎቹ አንዱን እትም ከሌላው ለመለየት ከተወሰኑ ገጾች የመጨረሻ መስመሮች ፊደላት ለቅመው የመጽሐፉን «አሻራ» ይይዛሉ። ሁለት እትሞች በርዕስ ቢመሳሰሉም በአሻራ ይጋለጣሉ።

የጥንት መጽሐፍ ነጋዴ ግን ከመዝገብ መጥፋትንም ገበያ ያደርገዋል። በዋጋው ጎን «በእገሌ ካታሎግ ውስጥ የለም» ብሎ ይጽፋል፤ ብርቅ ነውና እጃችሁን ዘርጉ ማለቱ ነው። አንዳንዴ የሌለው ካታሎጉ የሌላ አገር ወይም የሌላ ዘመን ስለሆነ ነው።

በመዝጋቢዎቹ ከሳቅን በጽናታቸውም እንፈር። ከ1501 በፊት የታተሙትን ሁሉ የሚመዘግበው የበርሊን ካታሎግ ሥራው በ1904 ተጀመረ፤ የመጀመሪያ ጥራዙ በ1925 ወጣ። ሁለት የዓለም ጦርነት አልፎበት፣ ከመቶ ዓመት በኋላም የወረቀት ጥራዞቹ ገና ኤች ፊደል አካባቢ ናቸው። ቀሪውን ኢንተርኔት ላይ አውጥተው ዛሬም ይመዘግባሉ። እኛ ደግሞ ያልከፈትነውን መዝገብ እየጠቀስን ላም አለኝ በሰማይ እንላለን።

ኤዲት16ም ቪዲ16ም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ክፍት ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው «እኛ እኮ ቀድመን አሳትመናል» ሲልዎት አያጨብጭቡ፤ «የትኛው መዝገብ ላይ? በየትኛው ስም?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ካለው ያኔ አብረን እንኮራለን።