ውሃው ሲጠራ

ከወንዙ በላይ የቆመው ጅብ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውሃዬን አደፈረስሽብኝ» ሲላት፣ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ማለቷን የማያውቅ የይፋት ልጅ የለም። ዛሬ ጅቡ ሠልጥኗል። ከመብላቱ በፊት የውሃ ናሙና ያስወስዳል፤ ያውም ከአህያዋ በኩል ብቻ።

ይህን ያስባለኝ ምሳ ሊበላ ሸዋ ሮቢት የወረደ አንድ ባለሙያ ነው። ወደ ሰሜን ካለ የተዘጋ ፋብሪካ ግቢ የቀዳውን ውሃ በበረዶ ሣጥን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ላብራቶሪ ይጣደፋል። ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርቱ አንድ ሽማግሌ ሣጥኑን አዩት።

«ልጄ፣ ፋብሪካው ተዘግቶ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ቀረው?»

«አባቴ፣ የተዘጋው በሩ ነው። የደፋው ነገር ከመሬት በታች ሥር ሥሩን ይሄዳል። ባለቤቱ ቢቀየር፣ ስሙ ቢቀየር፣ እሱ መንገዱን አይለቅም።»

«ታዲያ በምን ትደርሱበታላችሁ?»

«መጀመሪያ አቅጣጫውን ማወቅ ነው። በአንድ ጉድጓድ አቅጣጫ አይታወቅም፤ ቢያንስ ሦስት ይፈልጋል።»

ሽማግሌው ወደ በሩ ገልመጥ አሉ። «ድምፅህን ቀነስ አድርግ። እኛ ዘንድ አቅጣጫ የሚቀመጠው በአንድ ነው።»

ወጣቱ አልገባውም። «የጉድጓዱ ቧንቧ ውስጥ ቆሞ የከረመ ውሃ ደግሞ አካባቢውን አይወክልም። በቆየ ቁጥር ጠባዩ ይለወጣል። እሱን መጀመሪያ አውጥቶ ማፍሰስ፣ ከዚያ አዲስ የሚገባውን መቅዳት ነው።»

«ይህንንስ ሳንማርም እናውቀዋለን።»

«ዋናው ግን ከታች ብቻ ለክቶ መፍረድ አይቻልም። ከላይም መለካት አለበት።»

ሽማግሌው ጉርሻቸውን መለሱ። «ከላይ? ማን ደፍሮ? እሺ፣ ውጤቱስ?»

«ለሚመለከተው አካል ይገባል።»

«የሚጠጣውን አይመለከተውም ማለት ነው።»

ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። የኮምቦልቻን ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚቀበሉት ወንዞች ወደ ቦርከና ይገባሉ፤ ቦርከናም በጨፋ አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከበካዮቹ አንዱ፣ ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም፣ ሁለት መልክ አለው። አንዱን አብዛኛውን ጊዜ አፈር ይዞ ያስቀረዋል፤ መርዛሙ ግን በውሃ ሟሙቶ ይጓዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው። ይህን ያህሉን ዓይን አያየውም፣ ምላስም አይለየውም። እናም ጠርቶ የታየ ሁሉ ንጹህ አይደለም።

ሽማግሌው ሲሰናበቱት እንዲህ አሉት፦

ችሎት ተሰይሞ ምስክር ቢቸገር፣
ውሃው ሲጠራ ነው የሚገለጥ ነገር።

ሕጉ እንኳ ከእኛ ይልቅ ደፋር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው «እኔን ነክቶኛል» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በሰፈርህ ጠርሙስ ይዞ የመጣ ባለሙያ ካየህ ውሃውን ቅዳለትና አብላው፤ ሲሄድ ግን ውጤቱን ጠይቀው። ከታች የተቀዳውን ብቻ ሳይሆን ከላይ የተቀዳውንም።