ዳኛው ዘመዳቸው ነበር፦ ስለ የካ ተዳፋት የተማሪ ኳስ ትዝታ የቀረበ ሐተታ

በእንጦጦ ግርጌ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ባለው ተዳፋት ላይ ኳስ እየተጫወተ ያደገ ሰው ሁሉ የተሸነፈበትን አንድ ጨዋታ አይረሳም። ያሸነፈበትንም ላይረሳ ይችላል፤ የድል ወሬ ግን አጭር ነው፤ «ሦስት ለባዶ ቀጠቀጥናቸው» ይባልና ያልቃል። ሽንፈት ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያት ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃ ምስክር ይፈልጋል፤ ምስክር ደግሞ ቢራ ይፈልጋል። የአካባቢያችን የኳስ ታሪክ በአብዛኛው የሽንፈት ታሪክ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው። ታሪኩ የሚነገርባቸው ጉባኤዎችም የታወቁ ናቸው፦ ሥጋ ቤት፣ የሰርግ መልስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የለቅሶ ድንኳን፤ ከቀብር መልስ ንፍሮው ዞሮ ካርታው ከተበወዘ በኋላ።

የጥናቱ ወሰን

ሐተታው በሁለት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፉክክር ላይ ብቻ ያተኩራል። አንደኛው ወደ ዳገቱ የተጠጋ ስለሆነ ተማሪዎቹን «ላዮቹ»፣ ሌላኛው ወደ አስፋልቱ የወረደ ስለሆነ «ታቾቹ» እንላቸዋለን። ስማቸውን ያልጠራነው ጠበቃ ስላላቸው ሳይሆን ደጋፊ ስላላቸው ነው። አጥኚው ከላዮቹ ወገን መሆኑ በጥናቱ ገለልተኝነት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ የለም፤ ታቾቹ አጭበርባሪዎች መሆናቸው የታወቀው ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ታሪካዊ ዳራ

የላይና የታች ነገር በዚህ ተራራ ላይ የቆየ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ፍል ውሃውን ወደው ታች አዲስ አበባን ቆረቆሩ፤ አጼ ምኒልክ ግን በ1882 ዘውድ የጫኑት ላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ ወዲህ ላይ የቀረ ሰው ታች የወረደውን በጥርጣሬ ያየዋል።

የተማሪ ቤት ፉክክርም ትናንት አልተጀመረም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900፣ ተፈሪ መኮንን በ1917፣ ኮተቤ የነበረው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ በ1935፣ ጄኔራል ዊንጌት በ1938 ተከፈቱ። አራት ትምህርት ቤትና አንድ ኳስ ባለበት ከተማ ሰላም አይጠበቅም። የአገራችን እግር ኳስ አባት የሚባሉት ይድነቃቸው ተሰማም የተፈሪ መኮንን ተማሪ ነበሩ፤ ኋላ የአፍሪካን እግር ኳስ እስከ ዕለተ ሞታቸው መርተዋል። ከእኛዎቹ ሁለት ትምህርት ቤቶች ለአፍሪካ የተረፈ ሰው አልወጣም፤ ጊዜያቸውን የበላው እርስ በርስ መካሰሱ ነው።

ለጥናቱ መነሻ የሆነው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ክረምት ሊገባ ሲል ተደርጎ ላዮቹ 2 ለ 1 የተሸነፉበት ጨዋታ ነው። ሁለተኛዋ ጎል የገባችው በመጨረሻው ደቂቃ በሪጎሬ ነው። ሪጎሬው የተሰጠው በማኒ ነው። ማኒው የተገኘው የቁምጣው ላስቲክ ተበጥሶበት በአንድ እጁ ቁምጣውን ይዞ ይከላከል ከነበረ ልጅ ነው። እጁን ቢያነሣ ምን ይሆን እንደነበር ሁለቱም ትምህርት ቤቶች፣ በተለይም ሴት ተማሪዎቻቸው፣ ይገነዘባሉ። ዳኛው ግን ነፉ።

የሽንፈት ምክንያቶች ምደባ

ላዮቹ ለዚህ ሽንፈት ያቀረቧቸው ምክንያቶች በአራት ዐበይት ምድቦች ይከፈላሉ።

ሀ. ሜዳ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,200 ሜትር ይደርሳል፤ ከታች ያለው ከተማ ከዚህ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። ከዚህ ልዩነት ዋነኛው ድርሻ የሚገኘው በእኛ ሜዳ ላይ ነው። ላይኛው ጎል ሥር የቆመ በረኛ የታችኛውን በረኛ አናት ያያል። ቁልቁል የሚጫወት ቡድን ኳሷን አይመታም፤ ይለቃታል። ኳሷ ካመለጠች የምትፈለገው ቀበና ወንዝ ውስጥ ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም ሜዳውን በሰያፍ ያቋርጣሉ፤ ያኔ ጨዋታው ይቆማል። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ የጣሰው ሰው ግን የለም። ታቾቹም ቢሆኑ።

ለ. ዕድሜ። ታቾቹ ያሰለፉት አማካይ የ11ኛ ክፍል ተማሪ መሆኑ እውነት ነው። ጢሙን ጠዋት ተላጭቶ መጥቶ ለሁለተኛው አጋማሽ እንደገና አብቅሎ መግባቱም እውነት ነው።

ሐ. መተት። ታችኛው ጎል ሥር አንድ የተቀበረ ነገር ተገኝቷል። ሲወጣ የሰርዲን ቆርቆሮ ሆነ። ምድቡ በዚህ ተዘግቷል።

መ. ዳኛ። ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

ስለ ዳኛው ዝምድና

ዳኛው የሦስተኛ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፤ ተማሪ ሁሉ የሚጠራቸው «ቲቸር» እያለ ስለሆነ እኛም በዚሁ እንቀጥላለን። ፊሽካቸው በጫማ ክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ ቢጫ ካርዳቸው ከአሮጌ ክላሴር የተቆረጠ ነው። በጨዋታው ዕለት ማታ ስለ ቲቸር የተባለው «የሚያውቁት ሰው ነው» ብቻ ነበር። በዓመቱ «ያገራቸው ልጅ ነው» ተባለ። ማትሪክ ተፈትነን ስንበተን የታቾቹ በረኛ አክስት ባል ሆነው ነበር። ሚሌኒየሙ ሲከበር አጎት ሆኑ። በቅርቡ ካራ አካባቢ አንድ ለቅሶ ላይ እንጀራ አባት መሆናቸው ተረጋግጧል። ነገሩ በዚሁ ፍጥነት ከቀጠለ በረኛውን ራሳቸው አምጠው ሊወልዱት የቀራቸው ጥቂት ለቅሶ ነው።

ዝምድናውን በሥርዓት ማየት ስለሚገባ እንደሚከተለው ከፍለነዋል።

መ.1 የሥጋ ዝምድና። እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ችግሩ ሰባት ቤት ከተቆጠረ ከቀበና እስከ ላምበረት ዘመድ ያልሆነ ሰው መጥፋቱ ነው፤ ኳስ አቀባዩ ሳይቀር ይወድቃል።

መ.2 የክርስትና ዝምድና። አበልጅነትን ይጨምራል። ከሥጋ ይከብዳል፤ የሥጋ ዘመድ ሳይመረጥ ይመጣል፤ አበልጅ ግን ተመርጦና ተለምኖ ነው።

መ.3 የጽዋ ዝምድና። ወር በገባ በ12 የየካ ሚካኤልን ጽዋ አብሮ የጠጣ ሁሉ እዚህ ይመደባል። ከላዮቹ ወገን ያሉ አባቶችም በዚሁ ማኅበር ስለነበሩ ምድቡ ብዙ አልተገፋበትም።

መ.4 ያገር ልጅነት። በተራ ፋውል ጊዜ የሚቆጠረው በቀበሌ ነው። በማዕዘን ምት በወረዳ ይሆናል፤ በሪጎሬ በአውራጃ። ሪጎሬው በመጨረሻው ደቂቃ የተሰጠ ከሆነ ሁለቱም ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ይበቃል።

መ.5 የጀሪካን ዝምድና። ይህ ሰፋ ያለ ሐተታ ይገባዋል።

ስለ ጀሪካኑ

ቲቸር የታቾቹ በረኛ እናት ግቢ ውስጥ ተከራይተው አያውቁም። ይህን ላዮቹም ያምናሉ። ይኖሩ የነበረው ሁለት አጥር አልፎ ነው። ነገር ግን ከጨዋታው በፊት በነበረው ሐሙስ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከዚያች እናት በር ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይዘው ሲወጡ ታይተዋል። ክዳኑ የጠፋ፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ፣ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ነው። ያዩዋቸው ሰዎች ቁጥር መጀመሪያ አንድ ነበር፤ ዛሬ መላው ሰፈር ነው፤ ያኔ ያልተወለዱትም ጨርቁን ያስታውሳሉ።

የውጭ ሰው «ጀሪካን ቢያውሱትስ ምናለበት?» ሊል ይችላል። የውጭ ሰው ቧንቧው በፈረቃ የሚመጣበት ዳገት ላይ አልኖረም። በእኛ ሰፈር ጨው ይዋሳል፤ ሽንኩርት ይዋሳል፤ ምጣድ ይዋሳል፤ ለሰርግ ከሆነ አልጋም ይዋሳል። ጀሪካን ግን ውሃ በመጣበት ቀን ለገዛ እኅትም አይሰጥም። እኩለ ሌሊት ላይ ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር አባወራው በካልሲ ይወጣል፤ ባልዲ፣ ድስት፣ የሕፃን መታጠቢያ ሳይቀር ይሰለፋል። በዚህ ሰዓት ጀሪካኑን ለሰው አሳልፎ የሰጠ ቤተሰብ ልጁን ለጡት አባት ከሰጠ አይተናነስም።

ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ ያን ሐሙስ ውሃ መጥቶ ነበር ወይስ አልመጣም?

በዚህ ላይ ሦስት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያው «መጥቶ ነበር» ይላል። እንግዲህ ውሃ በመጣበት ቀን ጀሪካን ያዋሱት ዘመዳቸው ቢሆን ነው፤ ዘመዳቸው ከሆነ ሪጎሬው የውሃ ዕዳ ክፍያ ነው። አመክንዮው እንከን የለውም።

ሁለተኛው ወገን «ውሃ አልነበረም፤ ጀሪካኑ ለነጭ ጋዝ ነው» ይላል። ይህ ለዘብተኛ አቋም ነው፤ ነጭ ጋዝ ዝምድናን አያረጋግጥም፤ ቢበዛ ጉርብትናን ነው። ነገር ግን ሁለት መሠረታዊ ድክመቶች አሉበት። አንደኛ፣ የአስተማሪ ደመወዝ እያለው 20 ሊትር ነጭ ጋዝ በአንዴ የገዛ ሰው ስሙ ይነገረን። ሁለተኛ፣ ቆረቆንዳ ነጭ ጋዝ ይመጥጣል። በቆረቆንዳ የተወተፈ የጋዝ ጀሪካን ቤት ውስጥ የሚያኖር ሰው ከሪጎሬ የባሰ ጣጣ አለበት።

ሦስተኛው ወገን ያለው አንድ አባል ብቻ ነው፦ የራሳችን በረኛ። እሱ እንደሚለው ጀሪካኑ የራሳቸው የቲቸር ነበር፤ የበረኛው እናት ተውሰው ወራት ስላቆዩባቸው ሊያስመልሱ ሄደው ነው። ይህ እውነት ከሆነ ቲቸር በታቾቹ ላይ ቂም የያዙ ሰው ናቸው፤ ቂም የያዘ ሰው ሪጎሬ የሚሰጠው ሪጎሬ ሲሆን ብቻ ነው። አቋሙ በተነሣ ቁጥር ድንኳኑ በጩኸት ይሞላል፤ ሐዘንተኞችም ሳይቀሩ ይቃወማሉ።

የሕግ ማዕቀፍ

የእግር ኳስ ሕጎች 17 ናቸው። አምስተኛው ስለ ዳኛ ነው፤ ውሳኔው የመጨረሻ ነው ይላል። ስለ ጀሪካን አይናገርም። በ2010 ሕጉ ውስጥ የገባው ቫርም ኳሷ እጅ መንካቷን እንጂ ሐሙስ ማታ ማን ከማን በር እንደወጣ አያሳይም። ለንጽጽር ያህል፣ በጥር 1954 ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስትወስድ ያጫወቱት የውጭ አገር ዳኛ ናቸው። የእኚያን ዳኛ የዘር ሐረግ ያጠና ኢትዮጵያዊ እስከ ዛሬ አልገጠመንም። ይህ የሆነው ዳኛው ንጹሕ ስለነበሩ ይሁን ወይስ እኛ ስላሸነፍን፣ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።

መ.6 እና ተከታዮቹ

በዕቅዱ መሠረት ከዚህ ቀጥሎ መ.6 የዕቁብ ዝምድና፣ መ.7 የአከራይ ተከራይ ዝምድና፣ መ.8 ከአንድ ፀጉር ቤት መቆረጥ ይቀርቡ ነበር። ምደባው ግን ከዚህ በላይ መቀጠል አልቻለም። ምክንያቱ የኛው በረኛ ነው።

ሦስተኛውን አቋም ከየት እንዳመጣው ለብዙ ጊዜ አልመረመርንም። ጀሪካኑ የማን እንደነበር የነገረችው ሚስቱ ናት። ሚስቱ የቲቸር የወንድም ልጅ ናት። ሰርጉ ላይ ሁላችንም ነበርን፤ እስክስታ ወርደናል፤ ቲቸርም በሽማግሌ ወንበር ተቀምጠው መርቀዋል። በዚያ ዕለት አንድም ሰው ነገሩን አላገናኘም፤ ጠጁ ጥሩ ነበር። ይባስ ብሎ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሣው ያችን ሪጎሬ የመታው የታቾቹ አጥቂ ነው፤ ሾላ ገበያ አጠገብ አጥር ተጋርተው ይኖራሉ፤ ጀሪካንም ይዋዋሳሉ። ቁምጣውን ይዞ ማኒ የሠራው ተከላካያችንም የታቾቹን በረኛ እኅት አግብቷል።

እንግዲህ ከመ.1 እስከ መ.5 ያሉት መስፈርቶች በሙሉ ተሟልተዋል። የተሟሉት ግን በእኛ በኩል ነው። ታቾቹ ይህን ለማስተዋል ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ባለፈው ድንኳን ውስጥ ተነሥተው «ዳኛው ዘመዳችሁ ነበር፤ ለይሉኝታ ሲል ሌላ ሁለት ሪጎሬ ነፍጎናል፤ ውጤቱ 4 ለ 1 ነው» ብለዋል። ማስረጃ ተብሎ የቀረበው የሰርጉ አልበም ነው። ጋብቻው ከጨዋታው ብዙ ዓመት በኋላ መሆኑን ብናስረዳ፣ «መተጫጨት ቀድሞ ይጀመራል» አሉን። የሚሉት ነገር ኃይለኛ ነው፤ እኛም ብንሆን የምንለው ይህንኑ ነበር።

ቲቸር ራሳቸው በዚያው ድንኳን ጥግ ካርታ ይጫወቱ ነበር። ጡረታ ወጥተዋል፤ ዓይናቸው ትንሽ ደክሟል። አንድ ሰው ደፍሮ ስለ ጀሪካኑ ጠየቃቸው። «የቱ ጀሪካን?» አሉ። ስለ ሪጎሬው ጠየቃቸው። ካርታቸውን ሳያስቀምጡ «ማኒ ነዋ! ምን ጥያቄ አለው?» አሉ።

ይህ ቃላቸው በመዝገብ አልገባም። የበረኛችን አማች እንደመሆናቸው በምስክርነት መቀበል አይቻልም።