ምስጋና ለኤክስካቫተሩ

የካዛንቺስ የቅርስ ጥናት በአጭር ጊዜ ተጠናቋል፤ እንኳን ደስ አለን! በሌላው አገር ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ባለሙያ ይመጣል፣ እዚህም እዚያም ጠባብ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አፈሩን በብሩሽ ይጠርጋል፣ ይለካል፣ ይጽፋል። ለንደኖች አዲሱን የባቡር መስመር ሲዘረጉ ሊቨርፑል ስትሪት ላይ ከ3,000 በላይ አጽም በጥንቃቄ አውጥተዋል። ሥራ ፈቶች! እኛ ዘንድ ብሩሹ ሌላ ተግባር አለው፤ በሚፈርሰው በር ላይ ምልክት ይቀባል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና ያገኘውን እንዲጠብቅ ያዛል። ስለዚህ አርኪዮሎጂስታችን ኦፕሬተሩ ነው። ሞተሩ እያጓራ፣ አለቃው ከታች «ቶሎ በል!» እያለው፣ አካፋው ያፈሰው ፍርስራሽ የየትኛው ዘመን እንደሆነ በዓይኑ ይለያል። ምንም አላየሁም ካለ ምንም አልነበረም። ግኝቱን ሲኖትራክ ወስዶ አንድ ቦታ ይደፋዋል፤ የዛሬ 500 ዓመት እዚያ የሚቆፍር ምስኪን የጣሊያንን ጡብ ከቀበሌ ቤት ቆርቆሮ ጋር ተቃቅፎ ሲያገኘው ምን ዓይነት መንግሥት ነበር ይል ይሆን?

ለነገሩ ምን ነበረና? ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ የሠራቸው፣ ለሰፈሩ ስም ያወረሱት ቤቶች። በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ከባለቤት ወደ ቀበሌ የተሻገሩ ክፍሎች። በየጓሮው የተቀጠለ ማድቤት። አዝማሪ ቤቶች፤ ፈንድቃ ሳይቀር በ2017 ከቦታው ተነሥቷል። ጭቃና ጭራሮ እንጂ ቅርስ የት አለ? ቅርስ ማለት አፍሪካ አዳራሽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዓመታት ወስዶ፣ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ጭምር አሳድሶ በጥቅምት 2017 ሲከፍተው፣ ጎረቤቱ ካዛንቺስ እየፈረሰ አቧራው ይጨስ ነበር።

ቅርስ ማለት መልካ ቁንጡሬም ነው። በሐምሌ 2016 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ደስ ብሎናል። ግን እዚያ ያለው የድንጋይ መሣሪያ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጠብቋል። ካዛንቺስ 100 ዓመት እንኳ ሳይሞላት ቅርስ ነኝ ማለቷ ድፍረት ነው።

«ሽንት ቤቱ የሚፈስ ሰፈር ይኑር ትላለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልልም፤ እዚያ የኖረ ሰው የተሻለ ቤት ይገባዋል። መመዝገብ ግን ማፍረስን አይከለክልም። የጥናቱን ሪፖርት አንብቤአለሁ የሚል ነዋሪ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ካለ አውጡትና እንየው።

ከሌለም ቂርቆስ ውስጥ ገና ያልፈረሰ አለ። ክቡራን ሆይ፣ ከኤክስካቫተሩ በፊት ቤቱን የሚለካ፣ ፎቶ የሚያነሣና አሮጊቶቹን የሚጠይቅ ሰው ላኩ።